እግር የማይደርስበት ሞተር

[ያገለገሉ ሞተር ሳይክሎች የሚሸጡበት ግቢ። መሬቱ ጠጠር ነው፤ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል። አንዲት ዝቅ ያለች ቀይ ሞተርና አንድ ረጅም ጥቁር ሞተር ጎን ለጎን ቆመዋል። ሻጯ ቢሮዋ ውስጥ ስልክ ላይ ናት። “መቀሱ” የሚሉት ፀጉር አስተካካይ የሚስቱን ወንድም ሞተር ሊያስመርጥ መጥቷል። የሚስቱ ወንድም የከብት ሐኪም ነው። ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ ይህን የሚያውቀው ግን አንዱ ብቻ ነው።]

መቀሱ፦ ተነስ! ተነስ አልኩህ ከእሷ ላይ! ሰው ያየናል።

ሐኪሙ፦ ምን አደረግኩ ጋሼ? ቁጭ ነው ያልኩት።

መቀሱ፦ ትንሽ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ትንሽ ይመስላል።

ሐኪሙ፦ ሳልቀመጥስ?

መቀሱ፦ ሳትቀመጥማ... እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ውረድ!

ሐኪሙ፦ እግሬ እኮ መሬት ነካ። ሁለቱም። እየው፣ እስከ ተረከዜ።

መቀሱ፦ እሱ ነዋ ችግሩ! ሞተር የሚገዛው እግር መሬት እንዳይነካ ነው። መሬት መንካት ካማረህ ለምን በእግርህ አትሄድም?

ሐኪሙ፦ [እየወረደ] ይኸም እውነት ነው። ግን ጋሼ፣ እኔ እኮ ባለፈው...

መቀሱ፦ አንተ ዝም ብለህ ስማ። እኔ በቀን ሃያ ራስ በእጄ ያልፋል። ሹፌር፣ መካኒክ፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ ሁሉም እዛ ወንበር ላይ ቁጭ ሲል የሚያውቀውን ይዘረግፋል። አንገቱ ላይ ምላጭ ይዤ ማን ይዋሸኛል? አሥራ ስምንት ዓመት ስለ ሞተር የሰማሁት ቢጻፍ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ሐኪሙ፦ ነድተህስ ታውቃለህ?

መቀሱ፦ ጥርስ የሚነቅል ሐኪም የራሱ ጥርስ መነቀል አለበት?

ሐኪሙ፦ የለበትም።

መቀሱ፦ በቃ! አሁን እንደገና ንገረኝ። የት ነው የመደቡህ?

ሐኪሙ፦ ከወንዙ ማዶ፣ ከኮረብታው ጀርባ ያሉት መንደሮች። መንገድ የላቸውም፤ ያለው የከብት ዱካ ነው። ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ዳገት። ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዤ በእግሬ እነሳለሁ፤ ስደርስ በረዶው ውሃ ሆኗል፣ ክትባቱ ተበላሽቷል። ባለፈው ወር የአንዲት ሴትዮ ሁለት ላሞች ተከታትለው ሞቱባት። እኔ መርፌዬን ይዤ ቆሜ አየሁ። አንድ ነገር አላለችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መቀሱ፦ [ራሱን ይነቀንቃል] ያሳዝናል።

ሐኪሙ፦ አሁን መሥሪያ ቤቱ አንድ ሞተር ፈቅዶልኛል። ዛሬ የመረጥኩት ነው፤ ኋላ መለወጥ የለም። ሰኞ በሞተር መሄድ እጀምራለሁ።

መቀሱ፦ ስለዚህ የሚያስፈልግህ ጉልበት ነው! ና ወደዚህ። ይኸን ጥቁሩን እየው። ሃያ አምስት የፈረስ ጉልበት።

ሐኪሙ፦ ሃያ አምስት ፈረስ?

መቀሱ፦ ሃያ አምስት!

ሐኪሙ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት የአንድ ፈረስ ጥርስ ልይ ብዬ አፉን ብይዘው አጥር ዘሎ እኔንም ይዞኝ ሄደ። አንድ ፈረስ ነው። ሃያ አምስቱን ማን ይይዝልኛል?

መቀሱ፦ ፈረስ የለውም!

ሐኪሙ፦ አሁን አለው አልክ።

መቀሱ፦ ጉልበታቸውን ነው ያልኩት! ውስጡ ያለው ጉልበታቸው ብቻ ነው።

ሐኪሙ፦ እነሱስ የት ሄዱ?

መቀሱ፦ ኧረ በፈጠረህ! እነሱ የሉም። መለኪያ ነው፤ እንደ ኪሎ፣ እንደ ሊትር።

ሐኪሙ፦ እሺ። ቀይዋ ስንት ናት?

መቀሱ፦ አሥር ብትሆን ነው።

ሐኪሙ፦ አሥር ይበቃኛል። እንዲያውም ይበዛል።

መቀሱ፦ ዳገት ላይ ታለቅሳለህ!

ሐኪሙ፦ ዳገት ላይ ቀስ ብዬ እወጣለሁ። ላሞቹ የትም አይሄዱም።

መቀሱ፦ [የጥቁሩን ሞተር መርገጫ እያሳየ] ደግሞ ይኸ የወንድ ሞተር ነው። በርግጫ ነው የሚነሳው።

ሐኪሙ፦ ማን ነው የሚራገጠው? እሱ ወይስ እኔ?

መቀሱ፦ አንተ ነሃ!

ሐኪሙ፦ ይኸስ ደስ ይላል። እስከ ዛሬ ስረገጥ ነው የኖርኩት። [ሞተሩን ትንሽ ገፋ አድርጎ] ጋሼ፣ ስንት ይመዝናል?

መቀሱ፦ መቶ ሃምሳ ኪሎ አካባቢ። ምን ያደርግልሃል? ልትሸከመው ነው?

ሐኪሙ፦ ከወደቀስ?

መቀሱ፦ ለምን ይወድቃል?

ሐኪሙ፦ ጭቃ ነዋ! በሬ እንኳ አራት እግር እያለው ይወድቃል። ይኸ ያለው ሁለት ነው። በሬ ሲወድቅብኝ ስምንት ሰው ጠርቼ ነው የማስነሳው። እዛ ማዶ ብቻዬን ስሆን ማንን እጠራለሁ?

መቀሱ፦ [ያመነታል] ደንበኞችህን ጥራ።

ሐኪሙ፦ ከብቶቹን?

መቀሱ፦ ባለቤቶቻቸውን! ባለቤቶቻቸውን ነው ያልኩት።

ሐኪሙ፦ እነሱ መንደር ናቸው፤ እኔ የምወድቀው መንገድ ላይ። ጋሼ፣ ቅድም ልነግርህ የነበረው እኮ...

መቀሱ፦ ቆይ፣ ገባኝ። ያስፈራህ ከፍታው ነው። ለሱ እኔ አለሁ! መቀመጫውን አስተካክልልሃለሁ። ከላይ አራት ጣት አነሳለታለሁ፣ ከጎንና ከጎን ሳሳ አደርገዋለሁ፣ ከኋላ ደግሞ ድፍን።

ሐኪሙ፦ ስፖንጁ ከተቆረጠ ድንጋይ ላይ ስሄድ ምን ላይ ነው የምቀመጠው?

መቀሱ፦ ብረቱ ላይ። ትለምደዋለህ።

ሐኪሙ፦ ሳይለመድ ቢቀርስ? እንደ ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል?

መቀሱ፦ አንተ ሰው ነገር አይገባህም። ሞተር ሲገዛ ለወደፊትም ይታሰባል። ዛሬ ባይደርስልህ...

ሐኪሙ፦ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው ጋሼ። አሁን አላድግም።

መቀሱ፦ ተስፋ አትቁረጥ። በል እኔ ላሳይህ። በወሬ አይሆንልህም አንተ።

[ሻጯ ስልኩን ሳትዘጋ፣ “ነዳጁን ጠዋት ነው የሞላሁት” ብላ የጥቁሩን ሞተር ቁልፍ በመስኮት ታቀብላቸዋለች። መቀሱ የለስላሳ ሳጥን ፈልጎ ያመጣል፤ ሳጥኑ ላይ ይወጣል፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ኮርቻው ላይ ይቀመጣል። ሁለት እግሮቹ አየር ላይ ተንጠለጠሉ።]

ሐኪሙ፦ ጋሼ፣ እግርህ...

መቀሱ፦ እግሬን ተወው! እግር ለመርገጫው ነው። ደግፈኝ። እንዳትለቅ። እ... አሁን አስነሳልኝ።

ሐኪሙ፦ እኔ ነኝ የምራገጠው?

መቀሱ፦ ከዚህ ሆኜ አልደርስበትም አልኩህ እኮ!

ሐኪሙ፦ አላልክም። ግን እሺ። [ይረግጣል። ሞተሩ ይነሳል።] ጋሼ፣ በግራ እጅህ ፍሪሲዮኑን ጨብጠህ ያዝ። እሱን ድንገት እንዳትለቅ!

መቀሱ፦ [በጩኸት] አንተ ነህ እኔን የምታስተምረኝ? ይኸውልህ ማርሽ አስገባሁ፣ ይኸውልህ...

[ይለቀዋል። ሞተሩ ዘሎ ይነሳል። ሐኪሙ እጁ ላይ የቀረውን አየር ይዞ ይቆማል። መቀሱ በዝግታ ግቢውን ይዞር ጀመር።]

መቀሱ፦ [በፊቱ ሲያልፍ] አየህ! አየህ አይደል!

ሐኪሙ፦ አየሁ! በቃ አሁን ቁም!

መቀሱ፦ [ሁለተኛ ዙር] ገና ነው! አንድ የማሳይህ አለ!

ሐኪሙ፦ ምን?

መቀሱ፦ [ሦስተኛ ዙር] አዟዟሩን!

ሐኪሙ፦ አሳይተኸኛል! ሦስት ጊዜ!

መቀሱ፦ [አራተኛ ዙር፣ ድምፁ ቀጥኗል] አንተ ልጅ! መሬቱ የት ነው?

ሐኪሙ፦ እዚሁ ነው! ከታች!

መቀሱ፦ [አምስተኛ ዙር] ከእግሬ ስንት ይርቃል?

ሐኪሙ፦ አንድ ስንዝር!

መቀሱ፦ [ስድስተኛ ዙር] ጣቴን ዘርግቼ ነው ወይስ ሳልዘረጋ?

ሐኪሙ፦ ዘርግተህ!

መቀሱ፦ [ሰባተኛ ዙር] ብቆም እወድቃለሁ!

ሐኪሙ፦ እንግዲያው አትቁም!

መቀሱ፦ [ስምንተኛ ዙር] እስከ መቼ?

ሐኪሙ፦ ነዳጁ እስኪያልቅ!

መቀሱ፦ [ዘጠነኛ ዙር፣ እንባው መጥቷል] ጠዋት ነው የሞላሁት ብላለች እኮ! እህትህን አደራ! ልጆቼን አደራ!

[ሐኪሙ ዙሪያውን ያያል። በግቢው ጥግ የጭነት መኪና የሚራገፍበት፣ ከጉልበት ዝቅ ያለ የሲሚንቶ መድረክ አለ። ሮጦ መድረኩ ላይ ይወጣል። ድምፁ ይለወጣል፤ ዝግ ያለ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ነው።]

ሐኪሙ፦ ሆ... ሆ... አይዞህ። ታች አትይ። እኔን እይ።

መቀሱ፦ እያየሁህ ነው!

ሐኪሙ፦ ትከሻህን ጣል። ክንድህ ደርቋል፤ አላላው። ጋዙን አትንካ። ሆ... ጎበዝ... ሆ...

መቀሱ፦ ማንን ነው ሆ የምትለው? እኔን ነው ሞተሩን?

ሐኪሙ፦ የፈራውን። አሁን ወደ እኔ ና። ቀጥ ብለህ። በመድረኩ ጥግ ጥግ። ቀስ... ቀስ... ግራ እጅህን ጨብጥ! ፍሬን! አሁን ግራ እግርህን አውርድ!

[መቀሱ ግራ እግሩን መድረኩ ላይ ያሳርፋል። ሞተሩ ይቆማል። ሐኪሙ መሪውን ይዞ ቁልፉን ያጠፋል።]

መቀሱ፦ ነካ።

ሐኪሙ፦ ነካ።

መቀሱ፦ ተረከዜም ነካ!

ሐኪሙ፦ አየሁት ጋሼ። ና፣ ውረድ።

መቀሱ፦ ትንሽ ልቆይ። ደህና ቦታ ነው። [ቆይቶ ይወርዳል፤ መድረኩ ላይ ቁጭ ይላል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።] ስማ፣ ይኸን ሁሉ ያደረግኩት እንዳትገዛው ብዬ ነው። በተግባር ላሳይህ ብዬ።

ሐኪሙ፦ በደንብ አሳይተኸኛል።

መቀሱ፦ ቀይዋን ውሰድ። ማንም ሰው ቢጠይቅህ ጋሼ ነው የመረጠልኝ በል። አሁን ችግሩ መንዳቱን ማን ያስተምርሃል የሚለው ነው። እኔ ዛሬ... ዛሬ ትንሽ ደክሞኛል።

[ሐኪሙ ቀይዋ ላይ ይቀመጣል። ቁልፏ እንደተሰካ ነው፤ ማስነሻውን ተጭኖ ያስነሳታል። ኮርቻውን ለቆ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ቆሞ፣ ጠጠሩ ላይ በተጣሉት አሮጌ ጎማዎች መሃል ይሽሎከለካል፤ በጥቁሩ ሞተር ዙሪያ ጠባብ ዙር ይዞራል፤ መጥቶ መቀሱ ፊት ይቆማል። ሁለት ተረከዙ መሬት ላይ ነው።]

መቀሱ፦ [አፉ ተከፍቶ] ትነዳለህ እንዴ?

ሐኪሙ፦ እነዳለሁ። ከተማርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል።

መቀሱ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ሐኪሙ፦ ሁለት ጊዜ ጀመርኩ፤ አላስጨረስከኝም።

መቀሱ፦ ታዲያ ያ ሁሉ የፈረስ ጥያቄ ምንድን ነበር?

ሐኪሙ፦ እሱን የምሬን ነው። ያስተማረችኝ ሰው ስለ ፈረስ አላነሳችልኝም። ከወደቀችብህ ብቻህን ታነሳታለህ ወይ፣ ስትቆም እግርህ ይደርሳል ወይ፣ እነዚህን ሁለቱን ብቻ እይ ነው ያለችኝ።

መቀሱ፦ ይህን ካወቅህ እኔን ለምን አመጣኸኝ?

ሐኪሙ፦ “ብቻህን ብትመርጥ ይከፋዋል፣ ይዘኸው ሂድ” ስላለችኝ።

መቀሱ፦ ማን?

ሐኪሙ፦ ያስተማረችኝ።

መቀሱ፦ ሴት ናት?

ሐኪሙ፦ ሴት ናት። ቁመቷም እንደኛው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በእንደዚህ ዓይነት ሞተር በየሰፈሩ የውሃ ቆጣሪ ስታነብ ነው የምትውለው። ያን የድንጋይ ቁልቁለት በዝናብ ስትወርደው ብታያት!

መቀሱ፦ የውሃ ቆጣሪ? ሚስቴም እኮ ቆጣሪ አንባቢ ናት።

ሐኪሙ፦ አዎ።

መቀሱ፦ እንግዲያው ይተዋወቃሉ ማለት ነው።

ሐኪሙ፦ በጣም።

[መቀሱ ሐኪሙን ያያል። ቀይዋን ሞተር ያያል። እንደገና ሐኪሙን ያያል።]

መቀሱ፦ ሚስቴ ግን በአውቶቡስ ነው የምትሄደው።

ሐኪሙ፦ እስከ መሥሪያ ቤቷ።

መቀሱ፦ ከዚያ በኋላስ?

ሐኪሙ፦ ከዚያ በኋላ እትዬን የሚደርስባት የለም።

መቀሱ፦ [በቀስታ] ሁለት ዓመት... አንድ ቤት እየኖርን... ከአንድ ገበታ እየበላን... ለምን አልነገረችኝም?

ሐኪሙ፦ እኔም ጠይቄያት ነበር።

መቀሱ፦ ምን አለች?

ሐኪሙ፦ “ከነገርኩት ያስተምረኛል” አለች።