የጋሽ በእውቀቱ «ባይሆንስ?»

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ነገ የሚያስጨንቀውና ስለ ነገ ሌላውን የሚያስጨንቅ። ከተማችን መካነ ሰላም የሁለተኞቹ ሊቀ መንበር አላት፤ የባንኩ ሠራተኛ ጋሽ በእውቀቱ።

ክቡርነታቸው በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላም ካፖርትም ይዘው ይወጣሉ። አቀስታ ለመሄድ በሁለት ሚኒባስ ቦታ ያስይዛሉ። ሠርግ ሲጠሩ ቤታቸው በልተው ይመጣሉ። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ባይሆንስ?»

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሠልጥነው ሲመለሱ ደግሞ «ዴሪቫቲቭ» የሚባል ነገር ይዘው መጡ።

«ባንክ ዶላር ሊወደድበት ይችላል» አሉኝ። «ስለዚህ የነገውን ዋጋ ዛሬ ይዋዋላል። ስጋቱን ሸፈነ ማለት ነው።»

«ይኸማ ያው ጃንጥላዎ ነው።»

«ተባረኪ፤ አሠልጣኞቹ እንኳ እንዲህ አላሉትም።»

ያኔ ነጭ ሽንኩርቴ ማሳው ላይ አምሯል። ክረምት ሳይገባ ለሚያፈሰው ቤቴ ቆርቆሮ የምገዛው በእሱ ነው። «ዋጋው ባይቆይስ?» ብለው ከወረኢሉው ነጋዴ ከሃሩን ጋር አገናኙኝ። ሽንኩርቱ ሳይነቀል ዋጋ ቆረጥን።

ነገሩ ጣመኝ፤ ልቤም አበጠ። ሽንኩርት መርከሱ ስለማይቀር ያኔ ከገበያ ገዝቼ አስረክባለሁ ብዬ፣ የሌለኝን ሽንኩርት በዛሬ ዋጋ ለሌላ ነጋዴ ልሸጥ ተነሣሁ።

ጋሽ በእውቀቱ ቆጣ አሉ። «ያለሽን መሸፈን ጃንጥላ ነው። የሌለሽን መሸጥ ቁማር ነው። ባይረክስስ? ባንክም የሚወድቀው እንዲህ ሲያምረው ነው።»

እያጉረመረምኩ ተውኩት።

ሽንኩርቱ ሲደርስ ዋጋው ወረደ። ሃሩን ባይመጣስ? ለካ የጋሽ በእውቀቱ ጭንቀት ይጋባል፤ እንቅልፍ አጣሁ።

ሃሩን መጣ። በተቆረጠው ዋጋ ጫነ።

«ወላሂ እቴቴ፣ ጎዳሽኝ» አለ እየሳቀ።

«ታዲያ ምነው አልቀረህም?»

«ዋስሽን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«የምን ዋስ?»

«ጋሽ በእውቀቱ ናቸዋ። ሽንኩርቱን ውርጭ ቢመታው ለኔ፣ እኔ ብቀር ላንቺ፣ ከደመወዛቸው ሊከፍሉ ቃል ገብተዋል።»

በቀጥታ ወደ ባንኩ ሄድኩ።

«የእርስዎስ ዋስ ማን ነበር?»

ጃንጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ማንም።»

«ባይሆንስ?»

«ይሆናል ብዬ ነዋ» አሉ፣ ሰው እንዳይሰማቸው ዝቅ አድርገው።

የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ቤቴ ጠራኋቸው። አዲሱ ቆርቆሮ ጠብ አላደረገም። ጋሽ በእውቀቱ ግን ቤቴ መሀል ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ወንበሬን አስጠጋሁና እኔም ከሥሩ ገባሁ።