ግማሽ በሬ

ሰው በባለጠጋ ይቀናል ይባላል። ስሕተት ነው። ባለጠጋውን ማን አግኝቶት? ሰው የሚቀናው አጠገቡ በተቀመጠው ነው።

እኔ የቀናሁት በሰናይት ነው። ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ከካፌ በላይ ባለች ቢሮ ጎን ለጎን ተቀምጠን ፕሮግራም እንጽፋለን። አንድ የገበሬዎች ማኅበር በሬ ሲያከፋፍል ማን ይቅደም የሚለውን የሚያሰላ ፕሮግራም አስፈለገው። ኃላፊያችን ለየብቻ ጻፉ አሉን፤ የተሻለውን የጻፈ ሥራውን ይመራል።

እኔ በወጉ ጻፍሁ። ለሙሉ ቁጥር አንድ ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ የስሌት ትእዛዝ፣ ለክፍልፋይ ሌላ፣ ነጥብ ላለው ሌላ። በሬ በሙሉ ቁጥር፣ መሬት በክፍልፋይ፣ እህል በነጥብ፤ እንደ ግብር አዳራሽ ሁሉም በየማዕርጉ። እሷ አንዲት ፋንክሽን ብቻ ጻፈች። መደመርና መካፈል የሚያውቅ ቁጥር ሁሉ ይግባ ትላለች፤ ዘሩን አትጠይቅም። ቁንጅናዋን ሳይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። የፋንክሽኗን ማለቴ ነው።

«ምነው አፈጠጥህ? አልወደድኸውም?» አለችኝ።

«ሸጋ ነው» አልኋት፣ ጥርሴን ነክሼ።

ከዚያ የራሴን ሥራ ትቼ የእሷን ስሕተት ፍለጋ ገባሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

በፈተናው ቀን ለሁለቱም ፕሮግራሞች ከኮሶዬ ገበሬዎች የመጣ መረጃ ሰጠናቸው። ከአንድ ገበሬ ስም ጎን፣ ያለው ከብት በሚለው ሥር፣ «ግማሽ በሬ» ይላል። የእኔ ፕሮግራም አልቀበልም ብሎ ሰውየውን ዘለለው። የእሷ ደምሮት አለፈ።

ኃላፊው ሳቁ። «ግማሽ በሬ? ቅርጫ ነው እንዴ?» አሏት።

ሰናይት ስክሪኗን ወደ ላይ ወደ ታች ታንሸራትት ጀመር። ፒያሳ ተወልዳ ያደገች ልጅ ስለ በሬ ምን ታውቃለች? አሸነፍሁ። በልቤ ወንበሬን መሪ ወደሚቀመጥበት መስኮት አጠገብ ሁሉ አዙሬ ነበር።

ኃላፊው ግን ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የድብ ባሕር ገበሬ ልጅ ነህ። ግማሽ በሬ የሚባል ነገር አለ?»

ስለ ልጅነቴ ማውራት አልወድም። ባጭሩ፣ አባቴና ጎረቤታችን አያ ፈንታ አንድ በሬ በጋራ ነበራቸው። ሳምንት እኛ ዘንድ፣ ሳምንት አያ ፈንታ ዘንድ ያድራል። ገለባ በጠፋበት ዓመት በሬው ሲሄድ እናዝናለን፤ ሲመጣ የበለጠ እናዝናለን።

የለም ልል አፌን ከፈትሁ። ግን የለም ካልሁ ያ የኮሶዬ ሰው ከነግማሽ በሬው ከተራው ሊወጣ ነው።

«አለ» አልሁ። «እኛ ቤት ነበረ።»

ኃላፊው የሁለታችንን ውጤት እንደገና አዩ። ከዚያ ሥራውን ሰናይት ትምራው አሉና በአድናቆት አይን አይኗን እያዩ፣ የገበሬውን ኑሮ እንዲህ ጠንቅቀሽ እንዴት አወቅሽው ሲሉ ጠየቋት።

ሰናይት ደንገጥ እንኳ አላለችም።

«ጥናት ነው ጋሼ» አለች።