ወደ ሰማይ የሚሄደው መኖ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲባል ሰምታችኋል። የእኔዋ ላም ግን ሰማይ አልወጣችም፤ ቦንጋ፣ ግቢዬ ውስጥ ታስራ ነው ወተቷን ያላየሁት። ሰማይ የወጣው መኖዋ ነው።

እኔ የእንስሳት መኖ ባለሙያ ነኝ። የሰው ላም ስለማወፈር ሳስተምር የራሴዋ ቦራ ከሳችብኝ። ባለቤቴ አስካለም ቁርጡን ነገረችኝ፦ «እስከ ፋሲካ ወተቷ ካልጨመረ ትሸጣለች። የባለሙያ ላም እየተባለ ገበያተኛ ሁሉ ሲስቅብኝ አልኖርም!» ደነገጥኩ። ቦራን እወዳታለሁ፤ መሥሪያ ቤት የማይሰሙኝን ሁሉ ጸጥ ብላ የምትሰማኝ እሷ ናት።

ስልጠና ላይ የተማርኩት ትዝ አለኝ። ላም የጋጠችው ሣር በትልቁ ሆዷ ውስጥ እንደ ጠላ ድፍድፍ ይብላላል፤ ከዚያ የሚወጣው ሜቴን የሚባል ጋዝ በግሳት ወደ ሰማይ ይሄዳል። ወተት ሊሆን ይችል የነበረ መኖ እኮ ነው! ዘይት ያለበት መኖ ደግሞ ጋዙን ይቀንሳል ተብለናል። ስለዚህ ከግጦሽ ስትመለስ ዘይቱ ተጨምቆ ያላለቀ የኑግ ፋጉሎ በፉርሽካ እየለወስኩ፣ ቀስ በቀስ እየጨመርኩ አበላት ጀመር። የጋዝ መለኪያ ከየት ይምጣ? ጆሮዬን አፏ ሥር ደቅኜ ግሳቷን አዳምጣለሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ኃይሌ በአጥር አሻግረው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ምን አለችህ?» አሉ።

«ግሳቷ ቀነሰ!» ብዬ አስካለን ሳበስራት ፊቷ ጠቆረ። አስካለ እንግዳ በልቶ ካላገሳ ጉርሻ የማታቋርጥ ሴት ናት። «ያላገሳ አልጠገበም» አለችና ከጀርባዬ ለቦራ የፋሲካውን ጠላ አተላ ታቀርብላት ኖሯል። በኋላ እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። ወተቱ ግን ጨምሯል። እኔ በፋጉሎው ነው እላለሁ፤ እሷ በአተላው። ያ ሁሉ ጥናቴ ገደል ገባ።

ፋሲካ አለፈ፤ ቦራም አልተሸጠችም። ጾሙ ከተፈታ ወዲህ እርጎው ተርፎ አስካለ እስካገሳ ድረስ ታጠጣኛለች። በሳምንቱ የሰፈራችን አንድ ለአምስት ቡድን ቤታችን ሲሰበሰብ፣ ተሞክሮዬን እንዳካፍል ተጋበዝኩ። ተነሣሁ፤ ኮቴን ቆለፍኩ። «ወገኖቼ፣ ግሳት ማለት ብክነት ነው» ከማለቴ የጠዋቱ እርጎ ግሳት ሆኖ ከሆዴ ተነሥቶ ቤቱን አናጋው።

ጋሽ ኃይሌ ከሳቅ ብዛት ከወንበራቸው ሊወድቁ ነበር። አስካለ ብቻ አልሳቀችም። ኮራ ብላ ጎረቤቶቿን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ተመስገን፣ ጠገበልኝ!» አለች።

ከቦራ ያስቀረሁት ጋዝ ይኸው በእኔ በኩል ወደ ሰማይ ይሄዳል።