መድፈኛውን ፍለጋ

ነገሌ ላይ ሰማይ ሲያጉረመርም «ዝናብ መጣ» ብለን ልብስ የምናስገባው እኛ ሴቶቹ ብቻ ነን። ወንዶቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው የመድፉን ዓይነት ይናገራሉ። ከተማችን ከጦር ሰፈር ጋር ያደገች ስለሆነች፣ ዕድሜው ገፋ ካለ ወንድ መካከል ወይ ወታደር ያልነበረ፣ ወይ የወታደር ልጅ ያልሆነ፣ ወይ ለወታደር ሲጋራ ያልሸጠ ማግኘት ጭንቅ ነው። ታዲያ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ይህ ሁሉ የቀድሞ ወታደር ሲያወራ አንዱ ታንከኛ ነው፣ አንዱ መትረየስ ተኳሽ ነው፣ አንዱ ፈንጂ አምካኝ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ የዚያን ሁሉ ሠራዊት ፀጉር ማን ቆረጠው? ውሃውን ማን ቀዳለት? እስከ ዛሬ አንድም ሰው «እኔ ነኝ» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

የእኔ ባለቤት ሃምሳ አለቃ ደምሴ ደግሞ መድፈኛ ነው። የተጋባነውም በመድፉ ነው ማለት ይቻላል። ደርግ የወደቀ ሰሞን፣ ከምሥራቅ በኩል ከተበተነው ጦር ጋር በእግሩ መጥቶ፣ በሞያሌ አድርጎ ኬንያ ሊሻገር ሲል ግራ ጉልበቱ ነገሌ ላይ እምቢ አለው። አባቴ የንጉሡ ዘመን ወታደር ስለነበሩ፣ የወታደር ነገር አይሆንላቸውምና በረንዳችን ላይ አሳደሩት። በረንዳ ላይ ያደረ ሰው ቀስ በቀስ ሳሎን ይገባል፤ ሳሎን የገባ ደግሞ ሽማግሌ ይልካል። አባቴ ስለ ዘሩ አልጠየቁት፣ ስለ ሀብቱ አልጠየቁት። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ለመሆኑ ምን ትተኩስ ነበር?» አሉት። «መድፍ» አለ። «ትንሹን ነው ትልቁን?» አሉት። «ትልቁን» አለ። ሠርጌ ተደገሰ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ መልካም ባል ነው። ሁለት አመሎች ብቻ አሉት። አንደኛው፣ እግሩ ማድ ቤት አይረግጥም፤ አፍንጫው ግን ከአጥር ውጭ ሆኖ ድስቴን ይከፍታል። ገና የግቢውን በር ሳይከፍት «ሽንኩርቱ ቸኩሎ ወጥቷል» ይላል። ሻይ ማፍላት የማያውቅ ሰው! ደግሞ ሁልጊዜ ልክ ነው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ሁለተኛው አመሉ፣ ምግብ ሲቀርብ አይቀመጥም። በሩ ላይ ቆሞ፣ እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሮ፣ የሁሉንም ሰው ፊት አንድ በአንድ ያይና በረጅሙ «ያልደረሰው አለ?» ብሎ ይጣራል። ልጆቻችን ግቢውን ሞልተውት በነበረ ጊዜ ነገሩ ያስኬድ ነበር። ልጆቹ ተድረው፣ ሥራ ይዘው ሁለታችን ብቻ ስንቀርም መጣራቱን አልተወም። «ኧረ ማን ይቀራል? እኔና አንተ ነን!» ብለው ወይ ፍንክች። ካልተጣራ አይቀመጥም። እኔም የጸሎት ዓይነት ነው ብዬ በልቤ አሜን እያልኩ እበላ ጀመር።

ጉልበቱ ባለፉት ዓመታት እየባሰበት ሄደ። ቅዳሴ አስቀድሶ የማያውቅ ሰው ቤቱ ቢቀመጥ አይቆጨውም፤ ደምሴ ግን ቆሞ ማስቀደስ የለመደ ነው። በመቋሚያም አልሆን ብሎት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳየው ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙም፣ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት መራመዱም ይቀራል አለን። ቀዶ ጥገናውን ከኪሳችን ማሰብ ዘበት ነው። ሠራዊቱ ውስጥ ማገልገሉንና ግዳጅ ላይ መቁሰሉን የሚያስረዳ ወረቀት ካመጣ ግን በነፃ ይታከማል ተባለ። ወረቀት! የእሱ ወረቀት ጦሩ ሲበተን ከአንድ ግራር ሥር ተቀብሯል። የእኛን ቆላ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እዚህ አገር ግራር ብሎ ምልክት የለም።

እንግዲህ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ መዝገብ ፈላጊ ሆንኩ። እውነቱን ልንገራችሁና ደስ አለኝ። ልጅ ስታሳድግ የኖረች ሴት ፍለጋ ለምዳለች፤ የጠፋ ካልሲ፣ የጠፋ መርፌ፣ የጠፋ ዶሮ። ባል የጠፋበት መዝገብ ምን ልዩ ያደርገዋል? በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚያየው ጽሕፈት ቤት ቀረብኩ። እዚያ ጫልቱ የምትባል ፈገግተኛ ልጅ አለች። የጦር ክፍሉን ስም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ሥራው ሲባል ደረቴን ነፋ አድርጌ «መድፈኛ፤ የትልቁ» አልኳት። ትልቁን ጻፈችው አልጻፈችው አላውቅም። መልሱ ከአዲስ አበባ መጣ፤ በመድፈኞቹ መካከል በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም። ከእነ አያቱ ስም ድጋሚ ላክን። የለም።

ጫልቱ ራርታልኝ፣ አብረውት የዘመቱ ሦስት ሰዎች ከመሰከሩ መዝገቡ እንደገና ሊፈተሽ ይችላል አለችኝ። በደስታ ወደ ቤት ሮጥኩ። የጓዶቹን ስም አንድ በአንድ ጠየቅኩት። ሻምበሉስ? «ነፍሱን ይማረው።» አስር አለቃውስ? «እሱማ ያኔውኑ ነው የሞተው።» ያ ከጎንህ ይተኛ የነበረውስ? «እሱ ከሁሉም ቀድሞ!» ባሌ የሚያስታውሰው የሞቱትን ብቻ ሆነ። አልፎ ተርፎም «ተዪው ባክሽ፣ ሕመሙ ራሱ ይተወኛል» ይለኝ ጀመር። እኔ ሞኟ፣ ትሕትናው ነው ብዬ ይበልጥ ወደድኩት።

አንድ ቀን አውቶቡስ ተራ ትኬት የሚቆርጥ ጎረቤታችን፣ ዱብሉቅ ላይ የውሃ ሞተር የሚጠብቁ ኦቦ ዋርዮ የሚባሉ ሽማግሌ እንዳሉ፣ እሳቸውም በዚያው በምሥራቁ ጦር መድፈኛ እንደነበሩ ነገረኝ። ልቤ ዘለለች! ለደምሴ ስነግረው ደስ ይለዋል ያልኩት ሰውዬ ፊቱ አመድ መሰለ። መንገዱ ይገለብጣል አለኝ። ፀሐዩ ይመታሻል አለኝ። በመጨረሻ ዱብሉቅ ላይ የሚጠጣ ውሃ የለም አለኝ። የምሄደው እኮ የውሃ ሞተር ጠባቂ ዘንድ ነው! ጠበሌን በጠርሙስ ይዤ፣ ስልኬ ላይ የጥምቀት ዕለት የተነሳውን ፎቶውን አስገብቼ ጉዞ ጀመርኩ።

ቦረና ሰላምታ ላይ አይቸኩልም። ኦቦ ዋርዮ ገና ሲያዩኝ «አካም? ናጋ?» ብለው ጀመሩ፤ ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ዝናቡ ናጋ? እኔ ከብትም የለኝ፤ ግን ለሁሉም «ናጋ፣ ሰላም ነው» እያልኩ ጠበቅኩ። ተራዬ ሲደርስ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ሽማግሌው አገጫቸውን አሸት አሸት አደረጉና፣ ደምሴ የሚባል መድፈኛ እንደማያውቁ ነገሩኝ። እንዲያውም የብርጌዱን መድፈኞች ያሠለጠኑት እሳቸው ራሳቸው ስለሆኑ፣ እሳቸው የማያውቁት መድፈኛ ሊኖር አይችልም። ፎቶውን ሰጠኋቸው። አራቁት፣ አቀረቡት። «ሃዳ አስቴር» አሉኝ ሰላምታው ላይ በሰሙት በልጄ ስም፣ የአስቴር እናት ማለታቸው ነው፣ «ይሄ እኮ ሽማግሌ ነው። እኔ የማውቃቸው ሁሉ ጎረምሶች ናቸው።»

ደምሴ መድፈኛ ካልነበረ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ቤቴ የኖረው ሰው ማን ነው? ለነገሌስ ምን ይዤ ልመለስ?

ያን ጊዜ ባለቤታቸው ሻይ በወተት ይዘው መጡ። ዕለቱ ዓርብ ነበርና ይቅርታ ጠየቅኩ። ሽማግሌው ተጨነቁ፤ እንግዳ ምንም ሳይቀምስ አይወጣም ብለው ጥቁር ሻይ አስፈሉ። ከዚያም ጎረቤቱም፣ ፍየል የሚጠብቀውም፣ ሁሉም ብርጭቆውን እስኪይዝ የራሳቸውን አልነኩም። እኔም ጨዋታ ልፍጠር ብዬ፣ ባሌ ቢያይዎት ይወድዎት ነበር፣ እሱም ሁሉም ካልያዘ አይቀመጥም አልኳቸው። እንደውም እንዲህ ነው የሚቆመው ብዬ ተነሳሁና በር ላይ ሄጄ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ፊታቸውን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ገና አፌን ልከፍት ስል ኦቦ ዋርዮ ከበርጩማቸው ተስፈንጥረው ተነሱ። ፍየሎቹ እስኪደነብሩ ድረስ ጮኹ፤

«ያልደረሰው አለ?!»

እኔ ቁጭ አልኩ። እሳቸው ቆመው ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛው እያደባለቁ ይሳደባሉ። «ደምሴ! ምነው ሃዳ አስቴር፣ መድፈኛ ብለሽ ታደናግሪኛለሽ? ወጥ ቤታችን አትዪም? ደምሴ ድስቱ አትዪም?» አሉኝ። የሻለቃው ወጥ ቤት አዛዥ ነበር ለካ! ተኩሱ ከፍቶ ስንቅ የተቋረጠ ጊዜ፣ ሁሉም ጉድጓዱ ውስጥ በረሃብ ተኮራምቶ ሳለ፣ ደምሴ ያንን በርሜል የሚያህል ድስት ከአንድ ረዳት ጋር ተሸክሞ፣ ጥይት በላዩ እያፏጨ መጣ። ምሽጉ አፍ ላይ ሲደርስ አዳለጠውና ከነድስቱ ወደቀ። ጉልበቱ ከድስቱ ሥር ተሰበረ። ወጡ ግን አልፈሰሰም፤ ድስቱን አቅፎት ነበር የወደቀው። መሬት ላይ ተጋድሞ፣ እግሩ ተጣሞ፣ እየተላለፈ ሲበላ እያየ የተናገረው ያንኑ ቃል ነው፤ «ያልደረሰው አለ?» ሽማግሌው ዓይናቸውን በኩታቸው ጠረጉና፣ «እኛ መድፈኞቹ ስንት ጊዜ ስተናል። እሱ አንድ ቀን አልሳተም» አሉኝ። ወዲያው ስልካቸውን አንስተው ሞያሌ ልባሽ ጨርቅ ለሚሸጠው ጓዳቸውና ወደራ እህል ለሚነግደው ደወሉ። ሁለቱም ደምሴ ሲባሉ «የትኛው ደምሴ?» አሉ። «ያልደረሰው አለ?» ሲባሉ ግን ስልኩ ውስጥ የተፈጠረው ጩኸት እኔ ድረስ ተሰማ።

ቤቴ ስገባ ራት አቀረብኩ። ከዚያ ከእሱ ቀድሜ በሩ ላይ ቆምኩ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ፣ በረጅሙም ተጣራሁ። ደምሴ እጁ አየር ላይ ቀረ። ወደ መሬት እያየ፣ ዋርዮ ደህና ነው ወይ አለኝ። ለምን እንደዋሸኝ ስጠይቀው፣ «አባትሽ ምን ትተኩስ ነበር ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ሽንኩርት?» አለ። ወጥ ቤት ነበርኩ ብል ይሰጡሽ ነበር ወይ አለኝ፤ አይሰጡም ነበራ! ታዲያ አባቴ ካረፉ በኋላስ ብለው፣ ያኔማ መድፉን ለምጄው ነበር አለኝ። ልቆጣ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ለእኔ ሲል የተኮሰው ብቸኛው መድፍ እሱ ነው። ብቻ አንድ ነገር አንገበገበኝ፤ እኔ በጭስ ዓይኔ ሲጠፋ፣ የሻለቃ ወጥ ቤት አዛዥ ደጅ ተቀምጦ ሽንኩርቴን ሲያሸት ኖሯል!

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ በሩጫ ሆነ። ሁለቱ ነጋዴዎች የምስክርነት ቃላቸውን በጽሑፍ ላኩ፤ ኦቦ ዋርዮ ራሳቸው ነገሌ ድረስ መጥተው መሰከሩ። ዘመኑ መቼ ነበር ሲባሉ በየትኛው አባ ገዳ እንደሆነ ተናገሩ፤ ጫልቱም የቦረና ልጅ ናትና በጣቷ ቆጥራ ዓመቱን አወጣችው። መዝገቡ ውስጥም ከመድፈኞቹ መካከል ሳይሆን ከስንቅ ክፍሉ ሲፈለግ፣ ደምሴ ከእነ ስብራቱ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀን ተገኘ። ድስት ቢሆንም ግዳጅ ግዳጅ ነው ተብሎ ማኅተም ተመታ። ወረቀቱን ይዞ አዲስ አበባ ሄደ፣ ታከመ፣ ወረቀቱ ሆስፒታሉ ፋይል ውስጥ ቀረ፣ እሱ መጣ። የመጀመሪያው እሑድ ቅዳሴውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲቆም፣ እኔ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ጉልበት ከተገኘ ምክንያት የለም ብዬ ወደ ማድ ቤት ጋበዝኩት። ለሁለት ሰው መሥራት አላውቅም አለኝ፤ እጁ የሚያውቀው ትንሹ ልክ ለአንድ ሻምበል ጦር ነው አለ። ጥሩ! የወሩ የማርያም ማኅበር ተረኛ እኔ ነበርኩ። ማኅበርተኞቻችን ሲበሉ ካያችሁ ከሻምበል አያንሱም። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ በሩን ከውስጥ ዘግቶ ሠራው። እንዲህ ያለ ቀይ ወጥ ነገሌ ላይ ተሠርቶ አያውቅም፤ ባሌ ስለሆነ አይደለም።

ሴቶቹ ጣታቸውን እየላሱ «እጅሽ ይባረክ! እጅሽ ይባረክ!» አሉኝ። እኔ መመስገን በማይገባኝ ነገር መመስገን ከማርያም ፊት ከብዶኝ፣ የሠራው ሃምሳ አለቃ ነው አልኳቸው። ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴያችን ወይዘሮ የሺ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «አንቺ ደግሞ ጽሕፈት ቤት ስትመላለሺ ምን ለመድሽ? በይ ማስረጃ አምጪ!» አሉኝ። ወረቀቱ አዲስ አበባ፣ ምስክሮቹ ዱብሉቅ፣ ሞያሌና ወደራ! የቀረኝ አንድ ምስክር እሱ ብቻ ነበር። ሁላችንም ዞር ብለን በሩ ላይ የቆመውን አየነው።

ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። በርበሬ የነካውን እጁን ወደ ኋላው ደብቆ፣ «እኔማ መድፈኛ ነበርኩ» አለ።