እትዬ ማንያህልሻልና የሚተነፍሰው መኪና

ሀበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ገና ያልደረሰውን አደጋ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያይ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰርግ ቤት ገብቶ የድንኳኑን ምሰሶ የሚነቀንቅ፣ ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ ቀድሞ በባዶ ወለል ላይ ፍሬን የሚረግጥ፣ ሕፃን ሲስቅ ትን እንዳይለው የሚሰጋ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም አጎታችሁ ነው። የጁባው ግን ሴት ናቸው፤ ቡሉክ በሚባለው ሰፈር ያለው ሆቴል ባለቤት፣ የጣሪያና የግድግዳ ሁሉ ጠበቃ፣ የተከበሩ እትዬ ማንያህልሻል።

እኔ ጁባ የገባሁት ከሰላም ስምምነቱ በኋላ፣ ሀበሻው ሻንጣውን እያንጠለጠለ በሚጎርፍበት ጊዜ፣ የሲሚንቶና የቆርቆሮ መደብር ሠራተኛ ሆኜ ነው። እትዬ ክፍሌን ሲያሳዩኝ ስለ ኪራዩ ምንም ሳይሉ ጣሪያው ላይ የተሰቀለውን ማራገቢያ በጣታቸው አመለከቱና «ይወርዳል» አሉኝ። በማግስቱ አስነቀሉት። በዚያ ሙቀት ያለ ማራገቢያ መተኛት ምን እንደሆነ ጁባን የቀመሰ ያውቀዋል። ማራገቢያው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልወረደብኝም።

ማንጎው ባፈራ ጊዜ ዛፉ ሥር ወንበር ማስቀመጥ ክልክል ነው። ቴሌቪዥኑ ይወርዳል ተብሎ ወለል ላይ ስለተቀመጠ፣ ኳስ የምናየው ለጸሎት እንደተሰበሰበ ማኅበር አንገታችንን ደፍተን ነበር። ግቢው ውስጥ የሚቆም መኪና ሁሉ፣ ሹፌሩ ቁልፉን ሳይነቅል ጎማው ሥር ድንጋይ ይገባለታል። አንድ ቀን ለብስክሌትም ሲደረግ አይቻለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ባሉ ሴት ግቢ ውስጥ ነው ያ መኪና የመጣው። አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያቋርጡ የተነሱ ጁባዎች ከዋጃ የሚሏቸው ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ባልና ሚስት ናቸው ያመጡት። እንደ አውቶቡስ የረዘመ ሲሆን ውስጡ ግን ቤት ነው፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያ፣ መስኮቱ ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ። ባልየው ጁባ ላይ ታመመ። መኪናውን ለእትዬ አደራ ሰጥተው በአውሮፕላን ሄዱ። ከወራት በኋላ ሚስትየው ደውላ ባሏ ማረፉን ነገረቻቸው፤ እሷም መኪናውን ዳግመኛ ማየት እንደማትፈልግና ለእሳቸው እንደተወችላቸው ጨምራ ነገረቻቸው።

ከዚያ ወዲህ መኪናው መተንፈስ ጀመረ። ወይም እኛ መስማት ጀመርን። በቀትር፣ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ግቢው ጭር ሲል፣ ከሆዱ ረጅም «እፎይ» ይወጣና በአንድ ጎኑ ቀስ እያለ ይንበረከካል። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ደግሞ ማንም ሳይነካው ቀና ይላል፤ ውስጡ የቀሩት ሳህኖች ሲንኳኩ ይሰማል። ቀትር ላይ ጥላ ብርቅ በሆነበት ግቢ፣ የእትዬ ውሻ በየመኪናው ሥር ይተኛል፤ ያንን መኪና ግን ዞሮት ነው የሚያልፈው። ከፍያለው የሚባል ደንበኛችን፣ ደፋር ነኝ ባይ የበርበሬ ነጋዴ፣ ከምሳ በኋላ አልጋው ላይ ጋደም ሊል ገባ። ብዙም ሳይቆይ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። እግርጌው ሰው የተቀመጠ ያህል አልጋው ዝቅ እንዳለበት ነገረንና ቡናውን ሳይጨርስ ሄደ።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምተው አልፈሩም። ለእሳቸው መንፈስ አያሳስብም፤ መንፈስ አይወርድማ።

ደቡብ ሱዳን ለመገንጠል ድምፅ በሰጠችበት በሪፈረንደሙ ሰሞን ጁባ ውስጥ አልጋ ጠፋ። ከውጭ የመጡ ታዛቢዎች መኪናውን ተከራይተው ወደ ጀበል ኩጁር ተራራ ግርጌ ሊወስዱት ፈለጉ። ችግሩ፣ ገላው ዝቅ ብሎ የኋላ ጎማው ከላይ ይፈትገዋል። ስለዚህ እትዬ ከወንዙ ማዶ፣ ከጉምቦ መካኒክ አስጠሩ። ሱሩር ይባላል፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ለሚጠየቀው ሁሉ መልሱ «ማፊ ሙሽኪላ» የሆነ ሰው ነው። ችግር የለም የሚል ሰውና ከችግር በቀር ምንም የማይታያቸው ሴት ተገናኙ ማለት ነው።

ሱሩር የመኪናውን ነገር በአንድ አፍታ ገለጠልን። መኪናው የቆመው በባሌስትራ ሳይሆን በአየር በተነፉ ወፋፍራም የጎማ ከረጢቶች ላይ ነው። ከረጢቶቹ ያስተነፍሳሉ፤ መኪናው ከግቢው መብራት ጋር ስለተያያዘ፣ ጄኔሬተሩ ሲነሳ አየር መሙያው አብሮ ይሠራና መልሶ ይነፋቸዋል። ከፍታውን የምትጠብቅ አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች፤ ገላው ዝቅ ሲል አየር ታስገባለች፣ ከፍ ሲል ታስወጣለች። እሷን ማስተካከል ነው፣ በቃ። ሁላችንም ቀለል አለን፤ እንዲያውም አፈርን። ውሻው ብቻ አላመነም።

ሱሩር አየሩን አስሞልቶ በቀጥታ ሥሩ ሊገባ ሲል እትዬ ወንበራቸውን አምጥተው ፊቱ ተቀመጡ። በአየር ላይ በቆመ ነገር ሥር ሰው አይገባም አሉ። አየሩ ዝሆን ይሸከማል አላቸው። ዝሆኑም ይወርዳል አሉት። እጅ ፍሬኑ ተሳበ፣ ጎማዎቹ ግራና ቀኝ ድንጋይ ገባላቸው። ያ አልበቃቸውም፤ ከጎረቤት የእንጨት መሰንጠቂያ ቲክ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት ወፋፍራም ግንዶች አስመጥተው ገላውን ከሥር ከተሸከመው ብረት፣ ከሻንሲው ሥር በአራቱም ማዕዘን አስደረደሩ። ሱሩር እየሳቀ ታዘዘ። ጎማዎቹን በሚያገናኘው ብረት በፑንቴውና በሻንሲው መካከል ያለውን ክፍተት ግራና ቀኝ ለካ፤ ጄኔሬተሩ እንዲጠፋ ነገረንና በጀርባው እየተንሸራተተ ገባ።

ግቢው ጸጥ አለ። እኔ ከእትዬ ወንበር ጎን ቆሜ ነበር። ከሥሩ የሚሰማው የቁልፍ ጠቅታ ብቻ ነው። ነፋስ አልነበረም፤ የመስኮቱ መጋረጃ ግን ሲወዛወዝ አየሁ። አጠገቤ ያሉትን ሴትዮ ዘወር ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው አይርገበገብም፤ ከንፈራቸው ተገጥሟል።

ከዚያ መኪናው ተነፈሰ። እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ አልነበረም፤ በአንድ ትንፋሽ ነበር። ገላው ወረደና ቲኩ ላይ ሲያርፍ መሬቱ በእግሬ ሥር ደነገጠ። አቧራው ተነሳ። ከሥሩ ድምፅ አልመጣም። ጎንበስ ብዬ በአቧራው ውስጥ ሱሩርን ፈለግኩ።

አቧራው ሲገለጥ በኋላ ጎማው አጠገብ አንድ እጅ ታየ፤ ከዚያ ራሱ፣ ከዚያ ትከሻው። ጎትተን አወጣነው። ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ዘንጓን ፈትቷት ኖሮ፣ መኪናው ገላው ከፍ ያለ መስሎት አየሩን በሙሉ ለቀቀው። ሻንሲውን ቲኩ ያዘው፤ ከሻንሲው ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው የጭስ ማውጫው ማርሚታ ግን መሬቱን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ቅድም የሱሩር ራስ የነበረው እዚያ ነው።

ሱሩር ውኃ ጠጥቶ ትንፋሹ ሲመለስ ወደ እትዬ ዞረ።

«ምን ፈልገው ነው የጠሩኝ?»

«እኔ አልጠራሁህም።»

«በስሜ ጠሩኝ እኮ። ወደርስዎ ልወጣ ስንሸራተት ነው የወረደው።»

እትዬ ወደ መኪናው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ አፋቸው አልተከፈተም። ቀስ ብለው «ልጠራህ አስቤ ነበር» አሉት።

ሱሩር በማግስቱ ተመልሶ ሥራውን ጨረሰ። ግንዶቹን ራሱ ደረደረ፤ ማርሚታውንም ለብቻው አስደገፈው። ዘንጓን ቦታዋ መልሶ በጥቂት በጥቂቱ አስተካከላት፤ እየወጣም ለካ። መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ታዛቢዎቹም ወሰዱት። እንደ ድሮው «ማፊ ሙሽኪላ» ሲል አልሰማሁትም።

ከዚያ በኋላ ሆቴሉ ውስጥ ወሬ በዛ። ባላቸው ከፎቅ ወድቆ ነው፣ ወንድማቸውን መኪና ተጭኖት ነው፣ ልጃቸው በር ተደርምሶበት ነው ተባለ። አንድ ቀን ጨክኜ ምን ደርሶብዎት ነው እንዲህ የሆኑት አልኳቸው። ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ገረማቸው።

«ምንም አልደረሰብኝም። እንዳይደርስ ነው እንጂ» አሉኝ።

ሪፈረንደሙ ካለፈ በኋላ መደብራችን ጉምቦ ቅርንጫፍ ከፈተና እኔ ወደዚያ ተዛወርኩ። ጓዜን ስጭን ነፃ የወጣሁ መሰለኝ። እትዬ በር ድረስ ሸኙኝ፤ ሊጠይቁኝ ግን እንደማይመጡ ነገሩኝ። በመካከላችን ድልድዩ አለ። ሎሪ ሲያልፍበት ብረቱ የሚጮኸውን ያንን የነጭ ዓባይ ድልድይ፣ ጁባ በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ጊዜም ረግጠውት አያውቁም።

ጉምቦ ብዙ ሳልቆይ ወባ ጣለኝ። አዲሱ አከራዬ ጨዋ ሰው ነው፤ በሰው ነገር አይገባም። መደብሩ ዝግ ነበር፤ ስልኬ ጠፍቷል። መታመሜን ለማንም አልነገርኩም። ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠኝ፣ ከጆሮዬ አጠገብ አንድ ድምፅ በስሜ የጠራኝ መሰለኝና ዓይኔን ገለጥኩ። ክፍሉ ባዶ ነው። ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ማንያህልሻል ቆመዋል። ሾርባ በፔርሙዝ ይዘዋል፤ ነጠላቸው በላብ ርሷል። የኪራይ ሞተር ሳይክል አላምን ብለው ድልድዩን በእግራቸው ነው የተሻገሩት። መታመሜን ማን እንደነገራቸው ስጠይቃቸው ግንባሬን ዳሰሱ፣ ሾርባውን ቀዱልኝ፣ ከዚያ ያለችኝን አንዲት ወንበር ወደ አልጋዬ ሳቡ።

«ቶሎ ዳን። ያንን ድልድይ ብቻዬን አልመለስበትም» አሉኝ።

እስክድን ድረስ ጉምቦ ተቀመጡ።