መቀስ ያልያዘ አይሳፈርም

ትናንት ከምሳ በኋላ ፈታሿ ውብርስት የእረፍት ክፍሉ ወንበር ላይ ጋደም እንዳለች ሕልም አየች። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት መንገደኛ ስትፈትሽ ኖራለች፤ እሷ ግን አንድም ቀን ተሳፍራ አታውቅም። በሕልሟ ቲኬት ይዛ ተሰልፋ ነበር። ባለፈው ጥር ተረኛ ሆና የቀረችበት የእህቷ ሰርግ ገና አልተጀመረም፤ ሙሽራዋ አርባ ምንጭ ላይ ቁጭ ብላ እሷን ትጠብቃለች።

ከጎኗ ባለው ሰልፍ አውሮፕላኖች ቆመዋል። እያንዳንዱ ጎማውን አውልቆ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጥና ክንፉን ዘርግቶ ይፈተሻል። በሩ ላይ አነፍናፊ ውሻ ከረባት አስሮ ቆሟል። በያዘው ገመድ ጫፍ አንድ ሰውዬ እየዳኸ ሻንጣ ያሸታል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ውብርስት።

«ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ በርበሬ ሲያገኝ ብቻ ያስነጥሰዋል» አለ ውሻው። «እኔ የፍተሻ ባለሥልጣኑ ዳይሬክተር ነኝ። መቀስሽስ?»

«መቀስ ክልክል አይደል እንዴ?»

ውሻው ክው አለ። «የመሥሪያ ቤታችንን ታሪክ አታውቂም ማለት ነው?» አለና ቁጭ ብሎ ነገራት።

ድሮ ሰው እንዳሻው ባዶ እጁን ይበር ነበር። አንድ ቀን ሰማይ ላይ አንዲት ሴት ወለደች፤ ከሁለት መቶ መንገደኛ መሃል እትብት የሚቆርጥ መቀስ ጠፋ። ልጁ ትምህርት ቤት የገባው ከእናቱ ጋር እንደተያያዘ ነው። አንደኛ ክፍል ላይ እሱ አለፈ፣ እሷ ወደቀች፤ ተያይዘው ደገሙ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ፤ ባዶ እጁን የሚሄድ መንገደኛን የሚያስቀር ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ።

ከውብርስት ፊት የነበሩት ሽማግሌ በመፈተሻው በር ሲያልፉ በሩ አምባረቀ። መጥረቢያ፣ ወንፊትና አምስት ሊትር ዘይት ይዘዋል። ፈታሾቹ እልልታውን አቀለጡት።

እሷ ስታልፍ በሩ ዝም አለ።

«ዝም አለባት!» ብለው ሁሉም ጮኹ።

ውብርስት ቲኬቷን አውለበለበች። «እባካችሁ፣ ሰርጉ ሊጀመር ነው!»

«ለመሆኑ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሰው የቀማሽው የት ገባ?» አለ ውሻው።

ይህን ሲል ግድግዳው ተከፈተና ዕቃቸውን ያስቀረችባቸው መንገደኞች ግር ብለው ገቡ። ሊደበድቡኝ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ነጠላ ያጣፉ እናት ግን ትከሻዋን ያዝ አደረጉ።

«ለልጄ የያዝኩትን ማር ያስቀረሽብኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ እማማ። ደንብ ሆኖብኝ ነው እንጂ ሲከነክነኝ ነው የከረመው።»

«ዓይንሽ እንባ ማቅረሩን አይቻለሁ። በይ እንኪ፣ ሌላ ይዤልሻለሁ፤ ለሙሽራዋ ስጪልኝ።»

ሌሎቹም ተከተሉ። አንዱ መቀስ ኪሷ ከተተ፣ ሌላው የጥፍር መቁረጫ፤ አንዷ ሽቶ አርከፈከፈችባት፤ አንድ ፀጉር አስተካካይ ከነምላጩ አቀፋት። እየተንቃጨለች ዳግመኛ ስታልፍ የበሩ ጩኸት ጣሪያውን አነሣው። ዳይሬክተሩ ጅራቱን ቆላ።

አውሮፕላኑ ጎማውን ሳያጠልቅ በባዶ እግሩ ሮጦ ተነሣ። ውብርስት መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ከታች ሐይቆቹን ስታይ ሳቋ አልቆም አላት። የሰርጉ ከበሮ ከደመናው ሥር ይሰማል፤ እህቷም ቬሏን እያውለበለበች...

«ኧረ ተነሺ!»

የሥራ ባልደረባዋ መንበረ ትከሻዋን ትንጣታለች።

«ምን ተፈጠረ?»

«አንድ አባት ሻንጣ ውስጥ ዶሮ ደብቀው መጡ።»

«አይቻልም በያቸዋ!»

«ብያለሁ። ማሽኑ ውስጥ እያለች ግን እንቁላል ጣለች። ‹ዶሮዋ ትቅር፤ እንቁላሉ ግን የተወለደው ከፍተሻው ወዲህ ነው፣ አልፏል› ብለው ድርቅ አሉ። አለቃችን መመሪያውን እያገላበጠ ነው፤ ሰልፉ መኪና ማቆሚያው ደርሷል።»

ውብርስት እየሮጠች ወጣች። እንቁላሉ ገና ትኩስ ነበር።