የጋሽ ሙሉቀን ሞተር

ከሰው ይልቅ ከመኪናው ጋር የሚጫወት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንጅባራ ውስጥ አንድ አለኝ፤ ጎረቤቴ ጋሽ ሙሉቀን። ሚስታቸው ካረፉ፣ ልጆቻቸውም በየከተማው ከተበተኑ ወዲህ ያረጀች የቤት መኪናቸውን ጉልበት መጨመር ሥራቸው ሆነ።

መጀመሪያ ቱርቦ አስገጠሙ። ቱርቦው አየር አምቆ ሲያስገባ ነዳጁ አነሰ። ነዳጁ ሲጨመር ጭሱ መውጫ ጠበበው። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ሲሰፋ ደግሞ ሞተሩ ጋለና የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ራዲያተር መጣ።

«አየህ ልጄ» ይሉኛል አጥሩን ተደግፈው፣ «አንዱ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ሁሉም ሲስማሙ ነው ጉልበት የሚገኘው።»

ከዚህ የተሻለ ስብከት ከወዴት ይመጣል?

ባለፈው ቅዳሜ «ና እስቲ፣ ዳንግላ ደርሰን እንምጣ» አሉኝ። እመኑኝ፣ የመንገዱ ዛፎች በሙሉ አንድ አጥር ሆነው ታዩኝ። የጀመርኩትን ጸሎት ሳልጨርስ ዳንግላ ገባን። ጋሽ ሙሉቀን ግን ሞተሩን እንኳ ሳያጠፉ መኪናዋን አዞሩ።

«ዳንግላ ማን አለዎት?» አልኳቸው።

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ይመጣሉ?»

«እንጅባራስ ማን አለኝ?»

ስንመለስ፣ ያ ሁሉ ጉልበት እያለ፣ ቀስ ብለው ነዱ። ስለ ሚስታቸው እያወሩልኝ ሳለ ባጃጆች አለፉን፤ ገበያተኛ የጫነ ጋሪም አለፈን። እንጅባራ መግቢያ ላይ ጭራሽ ዳር ይዘው አቆሙ።

«ትቸኩላለህ እንዴ?» አሉኝ።

«አልቸኩልም» አልኳቸው። እኔንስ ቤት ማን ይጠብቀኛል?